ጥፋቱን በሳምቡሳዬ ላይ ላላከከው የልብ ሕክምና ማዕከል

ለተከበሩ የማዕከሉ ሜዲካል ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና መላው ባልደረቦችዎ የበላችሁት እንዲስማማችሁ፣ የዋጣችሁትም ያለ ሕመም እንዲወርድላችሁ ከልብ እመኛለሁ። ምኞቴን ቀላል አድርገው እንዳያዩት፤ ባለቤቴ ኑረዲን በመጨረሻዎቹ ቀናት ምራቁን እንኳ መዋጥ አቅቶት ነበር።

ከድጃ እባላለሁ፤ ነዋሪነቴ ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ለቡ ነው። ያለ ሥርዓት ይመታ የነበረውን የኑረዲንን ልብ ለማስተካከል በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብታችሁ፣ ምቱን የሚያዛባውን ቦታ በሙቀት አቃጥላችሁ፣ በማግስቱ በእግሩ ወደ ቤቱ ስለሸኛችሁልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የቀሩኝን ጥቂት ቅሬታዎች በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ከምታቃጥሉት የልብ ግድግዳ በስተጀርባ የምግብ ቧንቧ ተጠግቶ እንደሚያልፍ፣ ሙቀቱ እሱንም አቁስሎ ከሳምንታት በኋላ ሊበሳው እንደሚችል ያወቅሁት ከቀብር መልስ ነው። ባለቤቴ የፈረመበት ወረቀት የሚለው «ቀላል የጉሮሮ መከርከር» ነው። እንዲህ ያለ ጨዋ አገላለጽ ስለመረጣችሁልን እናመሰግናለን።

፪. ከሕክምናው በኋላ ያለው ሦስተኛ ሳምንት ረመዳን ላይ ዋለ። ኑረዲን ሲውጥ ደረቱን እንደሚያቃጥለውና ትኩሳት እንዳለው በስልክ ሲያስረዳ፣ ትሑቷ ነርሳችሁ ሲስተር ተናኘ ስለ ትኩሳቱ አንድም ሳይጠይቁ፣ ጾመኛ መሆኑን ብቻ አጣርተው፣ ነገሩ የጨጓራ እንደሆነና ማፍጠሪያ ላይ ሳምቡሳ እንዲቀንስ መከሩት። እናንተው ያቃጠላችሁት ሰው አቃጠለኝ ሲል ዘይቱ ነው ብሎ መመለስ ትልቅ ችሎታ ይጠይቃል። እኔም አምኜ መጥበሻዬን አነሣሁ፣ ሾርባ ብቻ ሠራሁለት፣ ስምንት ቀን ሙሉ ባሌን ያሳመምኩት እኔ ነኝ እያልኩ ተደብቄ አለቀስኩ። ይህን ይቅር አልላችሁም።

፫. በዘጠነኛው ቀን ግማሽ አካሉ አልታዘዝ ሲለው ሌላ ሆስፒታል ወሰድነው። እዚያ ያገኘነው ወጣት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀን በቅርቡ ልቡን ታክሞ እንደሆነ ነበር። እንዲህ ያለ ጥያቄ በአገራችን መኖሩን ለማዕከልዎ ማሳወቅ ወደድኩ። የምግብ ቧንቧው ግን ወደ ልቡ ተበስቶ፣ በቀዳዳው የገባው አየር ከደሙ ጋር ወደ አንጎሉ ሄዶ ስለነበር ኑረዲን በሁለተኛው ቀን አረፈ።

፬. በሐዘን መግለጫዎ ጉዳቱ «እጅግ ብርቅ» መሆኑን ሦስት ጊዜ ጠቅሰዋል። የእኛ ሰፈር ሚኒባስ እንኳ ተለምኖ የሚመጣበት ነው፤ ብርቁ ነገር ግን ሳይጠይቅ ቤታችንን አገኘ። እናንተ ብዙ ታካሚ አላችሁ፤ እኔ የነበረኝ ባል አንድ ነው።

ጎረቤታችን አቶ በፍቃዱ የፊታችን ሰኞ ለዚሁ ሕክምና እናንተ ዘንድ ይተኛሉ። ስለዚህ የምለምንዎ በመሸኛው ወረቀት ላይ ይህች እንድትታተም ብቻ ነው፦ በሚቀጥሉት ሁለት ወራት ትኩሳት ካለዎ ወይም ሲውጡ ካመመዎ፣ ጨጓራ ነው ብለው አይቀመጡ፤ በአስቸኳይ ይምጡ፣ ለሚያዩዎት ሐኪም ሁሉ ልብዎን መታከምዎን ይናገሩ። የማተሚያ ቀለም ቢያጥራችሁ እንኳ ለእሳቸው በእጄ ጽፌ ኪሳቸው ውስጥ ከትቻለሁ።

ለጊዜዎ ክብር በመስጠት፣ በእናንተ ዘንድ የካርድ ቁጥር፣ በቤቱ ግን አባወራ የነበረው የኑረዲን ባለቤት፣

ከድጃ

ማስታወሻ፦ ባለፈው ሳምንት በኑረዲን ስልክ፣ ከሕክምናው በኋላ የልብ ምቱ እንዴት እንደሆነ የሚጠይቅ መልእክታችሁ ገብቷል። እሱ ስለማይመችው እኔ ልመልስ፤ አልጋው አጠገብ በነበረው ስክሪን ላይ እያየሁ ነበርና፣ ልቡ እስኪቆም ድረስ አንዲት ምት አላዛባም። ከተሳካላችሁ ታካሚዎች መካከል ቁጠሩት።