በአንዲት «ተ» ምክንያት ተሰባሪ ስለሆነው ድንጋይ ሰባሪ

ለተከበሩ የጭነት ምደባ ክፍል ኃላፊ፣

ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ወንበርዎም እንደ ልብዎ የማይነቃነቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የመጋዘኑ ጭነት አሳሪ ነኝ። ከማታ ትምህርት የተመረቅሁት ገና ባለፈው ወር ቢሆንም፣ አስተማሪያችን የእጅ ጽሕፈቴን ለክፍሉ ሁሉ እያዞረች አሳይታለች፤ ይህን የምለው ለጉራ ሳይሆን እንዲያውቁት ያህል ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ወደ ድንጋይ ካባ የሚላከውን ሃያ ቶን የሚመዝን ድንጋይ ሰባሪ ማሽን፣ ጸሐፊዎ አንዲት «ተ» መርቀው «ተሰባሪ» ብለው ስለመደቡልን እናመሰግናለን። ተራራ የሚያደቅ ብረት ከብርጭቆና ከእንቁላል ተርታ ተሰልፎ በማየታችን ዓይናችን ተባርኳል።

ሁለተኛ፣ ስህተቱን እርስዎም አይተው፣ ከልብዎ ስቀው፣ ሲያበቁ የታተመ አይታረምም በማለትዎ ጽናትዎን አድንቀናል። ተሰባሪ ዕቃ በሰንሰለት አይታሰርም ተብሎ ሰንሰለታችን ተቆልፎበት፣ በምትኩ የገመድ ጥቅልና አንድ ጆንያ ጭድ ተሰጥቶናል። ጓደኞቼ ጭዱ ማሽኑ መንገድ ላይ ቢርበው ነው ወይ እያሉ ይጠይቁኛል፤ የተማርኩት እኔ ስለሆንኩ መልስ የሚጠበቀው ከእኔ ነው።

ሦስተኛ፣ ማሽኑ የተጫነበትን መኪና የሚነዳው የእህቴ ባል ነው፤ ነገ ማለዳ ወደ ካባው የሚያደርሰውን ቁልቁለት ይወርዳል። እህቴ ከትናንት ጀምሮ በመጋዘኑ በር እየተመላለሰች፣ ወንድምዬ፣ ባሌን በዚች ክር ልትሸኝልኝ ነው ወይ ትለኛለች። እኔም እቀመጣለሁ፣ እነሳለሁ፣ ቋጠሮውን አጠብቃለሁ፣ ደግሞ እፈታዋለሁ። ጌታዬ፣ ገመዱ ቢበጠስ ማሽኑ አንዳች አይሆንም። ተሰባሪው ከፊቱ ያለው ጋቢና ነው፤ ውስጡ ደግሞ አማቼ አለ።

አንዲት ፊደል ለመሰረዝ ለከበዳቸው ክቡራን ጣቶችዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ የሰንሰለቱን ቁልፍ በትሕትና የምጠባበቅ፣

ጭነት አሳሪው፣ በጓደኞቹ አጠራር «ፕሮፌሰር»

ማስታወሻ፦ ክፍልዎ በትርፍነት የላከልንን «ተሰባሪ» የሚል ምልክት በጋቢናው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ደንብዎ ተሰባሪ ዕቃ ከከባድ ጭነት ጋር በአንድ መኪና አይሄድም ስለሚል፣ መኪናው ከቆመበት ንቅንቅ አይልም። ልንቀለው ብል ደግሞ ማኅተም አለበት።