ጋሽ ባህሩን ያሳለፈች ጣት

ጥቅምት 11

እድራችን ዛሬ ድንኳን ጣለ። ለለቅሶ ሳይሆን ለዓይን ምርመራ። ሰፈሩ ግን ድንኳን ሲያይ ማን ሞተ ነው የሚለው… ሦስት ሴቶች ነጠላ አዘቅዝቀው መጡ።

ነርስ ዮርዳኖስ የያዘችው አንድ ስልክ ብቻ። ስልኩ ላይ ሦስት እግር ያላት ምልክት ትመጣለች። እግሮቿ ወዴት እንደዞሩ በእጅ ማሳየት ነው። ያለፈ ወደ ቤቱ። የወደቀ፣ ዓይኑ በስልኩ ፎቶ ይነሳና ለነፃ ሕክምና ይላካል።

ጋሽ ባህሩ ተቀመጡ። የሰፈሩ ልብስ ሰፊ፣ የእድሩም ዳኛ። ምልክቷ መጣች፣ እጃቸው ግን ወዴት እንደሚጠቁም አላወቀም። የእድር ዳኛ በሕዝብ ፊት ይውደቅ? ከኋላቸው ወረፋ ላይ ነበርኩ። ምልክቷ በዞረችበት በኩል ጀርባቸውን በጣቴ ነካሁ። ቀኝ ትከሻ፣ ግራ ትከሻ፣ ማጅራት፣ ወገብ።

"አባባ፣ እኔንም ይበልጡኛል!" አለች ዮርዳኖስ። ድንኳኑ አጨበጨበ።

ሲወጡ ጆሮዬ ላይ፣ "አንተ ቀልደኛ፣ ዛሬ ገና ሰው ሆንክ።"

ሐውልት ይገባኛል።

ጥቅምት 19

ያሰፋሁትን ኮት ከጋሽ ባህሩ ተቀበልኩ። አንዱ ኪስ ወገቤ ላይ፣ ሌላው ብብቴ ሊገባ ምንም አልቀረው።

"እንዴት ነው?"

"ልክክ ብሏል፣ ጋሽዬ!"

ጣታቸው በመርፌ ተበሳስቷል። ዓይናቸው መሐል ነጭ ነገር… መቼ ወጣ?

ጥቅምት 20

ኮቱን ለብሼ ፒያሳን ዞርኩ። ለራሴ ቅጣት መሆኑ ነው። ሰው ሳቀ፣ እኔን ግን አልቀለለኝም።

ጥቅምት 23

ዮርዳኖስን አዲስ ከተማ ጤና ጣቢያ አገኘኋትና ተናዘዝኩ። ትስቃለች ብዬ ነበር…

"ያን ዓይን ፎቶ ላነሳው ነበር እኮ! አሁኑኑ አምጣቸው።"

ጋሽ ባህሩ እምቢ። "አልፌያለሁ! ሕዝብ አጨብጭቦልኛል።"

"ያለፍኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽዬ። እርስዎ ገና አልተፈተኑም።"

ኮፍያቸውን አነሱ። "ከኋላዬ እንዳትቀመጥ።"

ወደቁ። በመጀመሪያዋ፣ በትልቋ ምልክት። ስልኩ አነሳቸው… ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራ።

"ይድናሉ?" አልኳት።

"ቀዶ ጥገናው ያድናቸዋል። አንተ ብቻ አትርዳቸው።"

ኅዳር 14

የቀኝ ዓይናቸው ፋሻ ከተነሳ ቀናት ሆኖታል። ልጠይቃቸው ወደ ሱቃቸው ሄድኩ፣ ያንኑ ኮት ለብሼ። ከበሩ ጀምረው አፈጠጡ። ፊቴ ላይ አይደለም፣ ኪሴ ላይ።

"ይሄን ማነው የሰፋልህ?"

"እ…"

"ማነው?"

"እርስዎ፣ ጋሽዬ።"

ስፌቱን በአውራ ጣታቸው ተከተሉት። "እና ልክክ ብሏል አልከኝ?"

ኪሱን በእጄ ሸፈንኩ።

"አውልቅ!"

በሸሚዝ ቆምኩ። ኪሱን ፈቱት፣ መርፌ አነሱ፣ ክሩን በምራቃቸው አሾሉ። አስጠጉት… ሳተ። ጣቴ ልርዳ ብላ ተነሳች። ያዝኳት።

ክሩ ገባ።