ኮባልትን ከኒኬል በሮቢት ሙቀት

የኔ ሰይድ፣

ከተለየኸን ሁለት ረመዳን አለፈ። አላህ በጀነት ያኑርህ፤ እዚያም ያገኘኸውን ሁሉ ኬሚስትሪ ካላስተማርኩ እያልክ እንዳታስቸግር።

ቤቱ ደህና ነው። ልጅህ ሀያት አግብታ ካራቆሬ ገብታለች። ፈተና የገጠማት ጓሮ ያለችው፣ ሥራችንን የምንሠራባት የቆርቆሮ ቤታችን ናት። ወንድምህ አህመድ ከቀብርህ ማግስት ጀምሮ ሽንኩርት ላከማችባት ይላል።

አሮጌ የላፕቶፕ ባትሪ ፈልፍለን፣ ዱቄቱን በአሲድ አሟሙተን፣ ኮባልቱን የሚስብ መድኃኒት የገባበት ነጭ ጋዝ ደርበን ስንንጠው ትዝ ይልሃል? ኮባልቱ ከነጭ ጋዙ ጋር ሰማያዊ ሆኖ ላይ ይንሳፈፋል፣ ኒኬሉ አረንጓዴ ሆኖ ታች ይቀራል። የሮቢት ሽማግሌ ሁሉ ባልና ሚስት ለማስታረቅ ሲደክም፣ አንተ እነዚህን ሁለቱን ለማፋታት ትደክም ነበር።

አህመድ ይህን ሙያችንን የሚገዛ አንድ ገዢ አመጣ። ሰውየው ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ሊከፍት ነው፣ እዚያ መጥተሽ ሠርተሽ አሳዪኝ አለ። አህመድም በጎረቤት ፊት፣ ከተሳካልሽ ቤቷ ያንቺ፣ ካልተሳካ የሽንኩርቴ ብሎ አስማለኝ። ሄድኩ። ጋቢ ደርቤ ናጥኩት። ሰማያዊው ፈዘዘ፤ ኮባልቱ ገሚሱ ከኒኬሉ ጋር ተቃቅፎ ታች ቀረ። በዚያ ብርድ እኔም ብሆን ከማንም አልለይም ነበር። ገዢው ሳቀ። ወደ ሮቢት ስንመለስ አህመድ እስከ ጣርማ በር ድረስ፣ አላልኩሽም፣ ሰይድ ዕውቀቱን ይዞት ነው የሄደው ሲለኝ መጣ።

ቁልቁለቱን ጨርሰን ላቤ ሲመጣ ገባኝ። አንተ የምትንጠው ሁልጊዜ ቀትር ላይ፣ ቆርቆሮው ሲግል ነበር። ልትገድለኝ ነው ወይ ስልህ፣ ኮባልት ሙቀት ይወዳል ትለኝ ነበር፤ የምትቀልድ ይመስለኝ ነበር።

ገዢውን አስጠርቼ ከአህመድ ጋር ቆርቆሮው ሥር አስቀመጥኳቸው። ያንኑ ጠርሙስ ናጥኩት። ሰማያዊው ደምቆ ወጣ፣ አረንጓዴው ጠርቶ ወረደ። ገዢው ከረባቱን እየፈታ፣ ደብረ ብርሃንም እኮ ማሞቅ ይቻላል አለ። ይቻላል አልኩት፤ መብራት ካልጠፋ። እኛን አላህ በነጻ ያሞቀናል። አህመድ ሽንኩርቱን የት እንደሚያከማች አልጠየቅኩትም።

ቤቷን አልሰጥም፤ ሥራውም ከሮቢት አይወጣም። ባሏ የሞተባት ሴት እስከ መቼ ትቋቋመዋለች ይላሉ። ቁጭ ብለው ይጠብቁ።

አንተን ደግሞ እያለቀስኩ አላስታውስህም፤ ለዚያ አክስቶችህ አሉ። እኔ እጄ በጓንት እንደተጠቀለለ፣ ጠርሙሱን እየናጥኩ፣ ይህን ጣጣ ጥለህብኝ በመሄድህ እየሰደብኩህ አስታውስሃለሁ። ደግሞም አላቆምም።

ሚስትህ ዘይነባ