ያለ ለቅሶ የወረደ ሙሾ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ ደባርቅ

በባህልና ሥነ ጥበብ ኮርስ ሙሾ ጥበብ ነው ተብለን ተማርን። እኔም ትናንት ለጥናቴ በስልኬ ልቅረጽሽ ብዬ ዳባት ያለችውን አልቃሽ አክስቴን ለመንኳት።

«ሰው ሳይሞት ሙሾ ማውረድ ሟርት ነው ልጄ» አለችኝ። ስጨቀጭቃት ጊዜ «በይ የሚወደስ ጎበዝ ጥሪልኝ» አለች። ሳላስብ የወንድሜን ስም ጠራሁ። በስሙ አወረደችው። አስለቀሰችኝ።

ወንድሜ በቅሎ ጭኖ ከአገር ጎብኚ እንግዶች ጋር ጨነቅ ወደሚባለው የተራራ ካምፕ ወጥቷል። እዚያ ኔትወርክ እንደሌለ አውቃለሁ፤ እስከ ዛሬ አስፈርቶኝ አያውቅም። ዛሬ ግን ስደውልለት ዋልኩ፤ ስልኩ አይገኝም። መምህራችን ሙሾ እንደሚያምር ነግሮናል፤ እንደሚያስፈራ ግን አልነገረንም።

አሁን እናቴ ገብታ «አክስትሽ ምን አለችልሽ? እስቲ አሰሚኝ» አለችኝ።

የስልኬ ባትሪ አልቋል አልኳት። ስልኩ እጄ ላይ እየበራ ነበር።