እናታችን እንድታርፍ ስንል

ለውድ ወንድሜ ሻሚል፣

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? ያ የወገብህ ሕመምስ ለቀቀህ? ባለቤትህ ላምያና ልጆቹ ደኅና ናቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን፤ ዝናቡ ግን አላባራ ብሎ የለቀምነው ቡና አልደርቅ ብሎናል።

በስልክ ልነግርህ ሁለት ሦስቴ ሞክሬ አፌ እንቢ ስላለኝ ነው የምጽፍልህ። እናታችን የወደቀችው አዳልጧት አይደለም።

አምና ከታይፎይዱ ስትነሳ ሁላችንም አንድ ነገር እንዳታነሳ ከለከልናት። የቡና ጆንያ ብቻዋን ትሸከም የነበረችውን ሴት፣ ጀሪካን ስትይዝ ካየሁ እቀማት ነበር። ስድስት ወር ሳይሞላ ጭኗ ሟሾ፣ ስትሰግድ ከሱጁድ ለመነሳት ግድግዳ መደገፍ ጀመረች። እርጅና ነው ብዬ ተውኩት።

በኋላ አማን ሆስፒታል ወስጄ ለአንዲት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አሳየኋት፤ የምሥራች ትባላለች። ጡንቻ ሥራ ሲያጣ እንደሚከሳ፣ በሰባ ዓመትም ቢሆን በልኩ ካሠሩት እንደሚጠነክር ነገረችን። በሳምንት ሦስት ቀን ከወንበር እየተነሳች እንድትቀመጥ፣ አሸዋ የተሞላ ሃይላንድ በሁለት እጇ እንድታነሳ፣ እንቁላልና ባቄላም እንድትበላ አዘዘች። ጎረቤታችን ዓለምሸት፣ እንደ ወንድ ልትፈረጥሚ ነው ወይ ብላ ሳቀችባት። እማ ግን አልተወችም፤ በሁለት ወሯ ያለ ግድግዳ መስገድ ቻለች።

ከዚያ አንተ ሰምተህ ደወልክ። ክብደት ማንሳት የጎረምሳ ነው፣ በዚህ ዕድሜ ጅማቷ ይበጠሳል፣ ትረፍ አልክ። ታላቄ ነህና አጥብቄ አልተከራከርኩህም። እማም ካንተ አውርታ ስልኩን እንደዘጋች አሸዋውን ደጅ ደፋችው። «ልጄ በሰው አገር በእኔ አይጨነቅ» አለችኝ። ብለምናትም አልተመለሰችም።

ካቆመች በአራተኛው ወር ለዙህር ሶላት ስትነሳ ጉልበቷ ከዳት። ወለሉ ደረቅ ነበር። ዳሌዋ ተሰበረ፤ አዳለጠኝ ያለችው አንተ እንዳታዝን ነው። ሐኪሞቹ ቆማ መሄዷን እንጃ ብለዋል። አሁን ተኝታ ነው የምትሰግደው።

ልወቅስህ አይደለም፣ ወንድሜ። ጀሪካኑን የቀማኋት እኔ ነኝ፤ ይህን እያሰብኩ ነው የማድረው።

የምሥራች ቤት ድረስ እየመጣች ክንዷ እንኳ እንዳይሰንፍ ታሠራታለች። ትናንት እማ እጇን ስታነሳ ወደ እኔ ዞር አለችና «ሻሚል እንዳይሰማ» አለችኝ። እባክህ ደውልና ራስህ ፈቅጃለሁ በላት።

ለላምያ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ልጆቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ባለቤቴ በድሩ እጅግ አድርጎ ሰላም ብሎሃል። እማ መጻፌን አታውቅም፤ ብታውቅ ኖሮ የእኔን ሰላምታ አስቀድሚ ትለኝ ነበር።

እህትህ ሳሊሀ
ሚዛን አማን፣ ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.