ያልታጠበ ሻሽ

ሐሙስ፣ ከምሳ በኋላ
ከሆስፒታሉ፣ ከማሞቂያ ክፍል

ለውዷ ባለቤቴ፣

አልሞተችም። ሰላምታዬን ሳላስቀድም ይህን የጻፍኩት፣ ፖስታውን ስትከፍቺ ዓይንሽ መጀመሪያ የሚፈልገው ይህችን ቃል እንደሆነ ስለማውቅ ነው። ስልክ ስደውል “ሞተች?” ትያለሽ፤ “የለም፣ አለች” ስልሽ ጆሮዬ ላይ ትዘጊዋለሽ። ወረቀት ግን ብትወረውሪውም እዚያው ወድቆ ይጠብቅሻል፤ ሲከፋሽ ተመልሰሽ ታነሺዋለሽ ብዬ ነው።

አሁን ልጠይቅሽ፤ እንዴት ነሽ የኔ ዓለም? ወገብሽ ተሻለሽ? እህል ትቀምሻለሽ? ወተትሽ እስካሁን እየፈሰሰ ቀሚስ እንደምትቀያይሪ ያስጠጋችሽ እህትሽ ነግራኛለች፤ እንዳትቆጪያት፣ እኔ ነኝ የጨቀጨቅኳት። አንቺ ልጅሽ በሕይወት እያለች እርምሽን አውጥተሽ ሄድሽ፤ ጡትሽ ግን እርሙን አላወጣም።

አልፈርድብሽም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሁለቱን ወንድሞቿን አብረን ቀብረናል። ያን ቀን ትንፋሿ ቆሞ ማሽኑ ሲጮህ ፊትሽ እንዴት እንደሆነ እኔ ነኝ ያየሁት። ትንፋሿ ተመልሶ እንኳ አልጠበቅሽም። “ሦስተኛ አልቀብርም። ስም እንዳታወጣላት፤ ስም ካላት ጠርቼ አለቅሳለሁ” ብለሽ በነጠላ ጫማ ወጣሽ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም እግሬን አንስቼ ነበር። ሲስተር “ኧረ አንዳችሁ እንኳ ቆዩ!” ብላ ስትጮህብኝ ነው የቀረሁት።

ከዚያ ወዲህ የምውለው በአራሶች መካከል ነው። እስኪ አስቢው፣ ያ ሁሉ እናት ተሰብስቦ፣ መሃል ላይ አንድ በያጅ! “እሜቴ በያጁ” ብለው ስም አውጥተውልኛል። እዚህ ቤት ከሁሉም በላይ የሚከበረው መታጠብ ነው። እስከ ክርንሽ በሳሙና ካልፈገፈግሽ በሩን አታልፊም። እኔ ደግሞ ጥፍሬ ውስጥ የገባው የብረት ጥቁረት አልለቅ ብሎኝ ሲስተር በየቀኑ ወደ ቧንቧው ትመልሰኛለች።

“አባቷ፣ ይሄ እጅ ነው ወይስ የድስት ቂጥ?”

“ሲስተር፣ ከቆዳዬ ጋር ተበይዶ እኮ ነው።”

“እንግዲያው ፍታውና ና!” ትለኛለች። ሳቋን ሳትጨርስ ትመልሰኛለች።

ታጥቤ ሳልፍ ሸሚዜን ከፍተው ልጅቷን ደረቴ ላይ ያስተኙልኛል። የእኔን ሙቀት እንድትወስድ ነው። ቶሎ ስለምትደክም በቀን አንዴ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነበር የሚፈቀድልኝ። ከመዶሻዬ ትቀላለች ብልሽ አታምኚኝም። ጉንጯን የምታሳርፈው የብየዳ ፍንጣሪ ያቃጠለኝ ጠባሳ ላይ ነው። ደግሞ የደረቴን ጸጉር አንዴ ከያዘች ወዲያ መልቀቅ የለም፤ ግትርነቷ ያንቺ ነው።

አሁን ስለ ሻሽሽ ልንገርሽ። ተኝተሽበት የነበረውን ሻሽ፣ ያለ ቀኑ የተወለደ ልጅ እናቱን በጠረኗ ያውቃታል ብላ ሲስተር ተቀብላሽ ማሞቂያው ውስጥ ራስጌዋ አድርጋው ነበር። አንቺ ከሄድሽም በኋላ ሲከፋት ወደ አፍንጫዋ ጠጋ ሳደርግላት ፀጥ ትል ነበር። አንድ ቀን ወተት አስታወከችበት። እኔ ደግሞ ጠዋት ማታ ታጠብ ታጠብ ሲሉኝ የከረምኩ ሰው፣ ወሰድኩና በሳሙና አሽቼ፣ ደጋግሜ አለቅልቄ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ጎበዝ እንድትለኝ አጣጥፌ ለሲስተር ሰጠኋት። አሸተተችው፤ ከዚያ ቀስ ብላ፣

“አባቷ… እናትየዋን እኮ አጠብካት” አለችኝ።

ያን ቀን ልጅሽ ፊቷን ወዲያና ወዲህ እያደረገች ስትፈልግሽ ዋለች። የእነዚህ ያለ ቀናቸው የተወለዱ ሕፃናት ለቅሶ ድምፅ እንኳ የለውም፤ አፏን ከፍታ ትንቀጠቀጣለች፣ በቃ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ከቤታችን አንድ ያንቺ ነገር ላመጣ ፈልጌ ነበር፤ ቤታችንም እናትሽ መጥታ ሁሉን አጥባ አጣጥፋዋለች። ስለዚህ ትናንት ይህን ደብዳቤ ሳስበው የምለምንሽ ሌላ ሻሽ ብቻ ነበር። በላስቲክ ጠቅልለሽ፣ አጥብቀሽ አስረሽ ላኪልኝ ልልሽ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ግን ዶክተሯ ጠራችኝ። የልጅሽ አንጀት ቆስሏል፣ መድኃኒቱ አልያዘላትም፣ ለኦፕሬሽን ደግሞ አቅም የላትም አለችኝ። ብዙ ነገር አስረዳችኝ፤ ጆሮዬ ግን የያዘው መጨረሻ ላይ ያለችኝን ነው። “ከአሁን ጀምሮ እስከፈለግክ ድረስ እቀፋት” አለችኝ።

እኔ ቂሉ ደስ አለኝ! እዚህ የአንዷ ልጅ ክብደት ሲጨምር ወይም ከኦክስጅን ሲላቀቅ፣ ማጨብጨብ ክልክል ስለሆነ እናቶቹ እጃቸውን ሽቅብ አንስተው ጣቶቻቸውን ያርገበግባሉ። ክፍሉ ሙሉ እጅ ይሆናል፤ እኔም የበኩሌን ለስንቱ ልጅ አርገብግቤያለሁ። እና ሮጬ በሩ ላይ ቆሜ “ተፈቀደልኝ! ቀኑን ሙሉ ላቅፋት!” አልኳቸው።

አንዲትም እጅ አልተነሳችም። ከጎናችን ያለችው እናት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሌላዋ የታጠበ ኩባያ እንደገና ማጠብ ጀመረች። ልታጠብ ወደ ቧንቧው ሄጄ ስመለስ ሲስተር በሩን ከፈተችልኝ፤ ጥፍሬን አላየችውም። እጄን ዘርግቼ ብጠብቃትም አላየችውም። ያን ጊዜ ገባኝ።

ይህን የምጽፍልሽ ደረቴ ላይ አስተኝቻት ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽሽም፤ አትቆይልንም። ነይ የምልሽ እንድትቀብሪያት አይደለም። መቅበሩን ለእኔ ተዪው፣ እሱን ብቻዬን እወጣዋለሁ። ነይ የምልሽ እንድታቅፊያት ነው። እነዚያን ሁለቱን ከቀበርን በኋላ “ምነው አንዴ እንኳ ባቀፍኳቸው!” እያልሽ ስንት ጊዜ አለቀስሽ? እኔ ምን ብዬ እንደምመልስልሽ ጠፍቶኝ ነበር። ለዚህችኛዋ ግን መልስ አለ፤ አሁን ደረቴ ላይ ትተነፍሳለች።

በሠርጋችን ቀን ሽማግሌዎቹ “ዓይናችሁን በዓይናችሁ ያሳያችሁ” ብለው መርቀውን ነበር። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ አልነገሩንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ለአጭር ጊዜም ቢሆን ምርቃቱ ደርሷል፤ ነይና ዓይንሽን በዓይንሽ እዪ።

ደብዳቤውን የሚሰጥሽ ጎረቤታችን ሹፌሩ ነው። እዚያው አድሮ ጠዋት ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለውን ወንበር ላንቺ ያዝልኝ ብዬዋለሁ። እምቢ ብትዪ ባዶውን ይዞት ይመጣል፤ እኔም አልቀየምሽም።

እንዳልሽው ስም አላወጣሁላትም። ግን አንድ ነገር አልነገርኩሽም። እዚህ የሕፃናቱ ካርድ ላይ የሚጻፈው “የእገሊት ልጅ” ተብሎ የእናታቸው ስም ነው። “የእገሊት ልጅ” ማለት ይረዝምባቸውና ሲስተሮቹም እናቶቹም ልጅቷን ባንቺ ስም ብቻ ነው የሚጠሯት። ቀኑን ሙሉ ስምሽ ሲጠራ እሰማለሁ። በተጠራ ቁጥር እሷ ዓይኗን ገለጥ ታደርጋለች፤ እኔ ደግሞ ወደ በሩ አያለሁ።

ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልኝ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እህትሽን፣ ያስታመመችሽን እጇን ሳሚልኝ።

የልጅሽ አባት

ልልሽ ብዬ የረሳሁት፦ ሻሽሽን እንዳታጥቢው። መላኩንም ተዪው፤ ራስሽ ላይ እንዳሰርሽው ነይ።