አንድም ልጅ ያልቀረበት ክፍል

ዲላ፣ የካቲት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ እንድርያስ
የጉድኝት ማዕከላችን ሱፐርቫይዘር
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደሚልኩት ሪፖርት እንከን የማይወጣለት፣ ቤትዎም እንደ እኔ ክፍል አንድም ሰው የማይጎድልበት እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ በእርስዎ ሥር ካሉት ትምህርት ቤቶች በአንዱ የአራተኛ ክፍል የጠዋት ፈረቃ መምህር የሆንኩት ዘርዓብሩክ እንግዳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ አሽጌ ወደ ቢሮዎ ከመላክ ይልቅ ሰው ሁሉ እንዲያነበው ያደረግሁት ደፋር ሆኜ አይደለም። ደፋር ብሆን ኖሮ ከሁለት ወር በፊት እጽፈው ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉኝ እቀበላለሁ። ነገር ግን ያጠፋሁት በአደባባይ ስለሆነ፣ ምስጋናዬንም በአደባባይ ማቅረብ ይገባኛል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ባለፈው ጥቅምት እዚሁ ዲላ ለሁለት ቀናት ስለሰጡን ሥልጠና አመሰግናለሁ። ርዕሱ «ሕፃናት ኃላፊነት የተሞላበት ውሳኔ እንዲወስኑ ማስተማር» የሚል ነበር። አንድ ልጅ ከመወሰኑ በፊት ቆም እንዲል፣ እንዲያስብ፣ እንዲመርጥ፣ በመጨረሻም ለመረጠው ነገር ኃላፊነት እንዲወስድ የሚያደርጉ አራት ደረጃዎች እንዳሉ ያወቅነው በዚያ አዳራሽ ነው። በሁለተኛው ቀን የከሰዓቱን ፊርማ ጠዋት ላይ አስፈርመው በጊዜ ወደየቤታችን ስለሸኙንም ውለታዎ አይረሳም። አራተኛውን ደረጃ፣ ኃላፊነት መውሰድ የሚለውን፣ ቤታችን ሄደን እንድናነበው አደራ ብለውን ነበር። ሌላው ያንብበው አያንብበው አላውቅም፤ እኔ ያነበብኩት በዚህ ሳምንት ነው።

ለልጆቹ ግን አራቱንም በትልቅ ካርቶን ላይ ጽፌ ከሰሌዳው ጎን ለጠፍኩላቸው። መምህር ሳያነብ የለጠፈውን ልጅ ሊያነበው እንደሚችል አልጠረጠርኩም። በተለይ ኤልቤቴል የምትባል የአሥር ዓመት ልጅ፣ የክፍሉ አለቃ፣ ነገሩን ከምር ያዘችው። በእረፍት ሰዓት ልጆች በኳስ ሲጣሉ መሐላቸው ገብታ «ቆም በሉ! አንደኛ ደረጃ!» ትላለች፤ እነሱም ግራ ገብቷቸው ይቆማሉ። አንድ ቀን ደግሞ፣ ደወል ተደውሎ ሳለ ውኃ ልጠጣ ወይስ ክፍል ልግባ የሚለውን በአራቱም ደረጃ ስትመዝን ቆይታ አርፍዳ ገባች፤ ማርፈዷንም ራሷ መዘገበች። በጣም ሳቅሁ። መምህራን ክፍል ውስጥም አወራሁላት።

ሁለተኛ፣ ስለ ቡና ለቀማው ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ኅዳር ሲገባ ከሃምሳ ሁለቱ ተማሪዎቼ አሥራ አንዱ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ወደ ኮንጋ፣ ወደ አሪቻና ወደ ሬኮ እየሄዱ ቀይ ቡና ሲለቅሙና ሲያደርቁ እስከ የካቲት ይከርማሉ። ቡናው ቀልቶ ማንንም እንደማይጠብቅ፣ የአንድ ቤት የዓመት ቀለብም ከዚያ እንደሚወጣ በእኛ አገር የማያውቅ የለም፤ የማያውቀው እርስዎ የሚልኩልን ቅጽ ብቻ ነው። መምህራን ተሰብስበን የመንፈቀ ዓመቱ እረፍት ወደ ለቀማው ሰሞን ቢመጣ ልጆቹ ከትምህርትም ከቤተሰብም አይጎድሉም ብለን ስናመለክት፣ ሐሳቡ ግሩም መሆኑን ነገር ግን ቅጹ ላይ የሚሞላበት ቦታ እንደሌለው በትሕትና አስረዱን። የቀሪ ተማሪ ቁጥር ዜሮ መሆን እንዳለበትም በዚያው አሳሰቡን። ከዚያን ቀን ጀምሮ በመዝገባችን ላይ ማንም ቀርቶ አያውቅም። እጄ በየጠዋቱ በባዶ ወንበር ትይዩ «ተገኝቷል» የሚል ምልክት ማድረግ ለመደ፤ መልመዱ እንዴት እንደቀለለኝ ሳስበው አፍራለሁ።

ሦስተኛ፣ ለታኅሣሥ 3ቱ ጉብኝት። ከበላይ አካል ሦስት እንግዶች የግብረገብ ትምህርት አሰጣጣችንን ሊያዩ እንደሚመጡ በዋዜማው ስለነገሩን አመሰግናለሁ። ሳይነግሩን ቢመጡ ኖሮ እውነቱን ያዩት ነበር። አንድ ቀን ግን ለእኛ በቂ ነው። እኛ መምህራን «ወንበር ማሞቅ» የምንለው የቆየ ሙያ አለን፤ በጉብኝት ቀን ከከሰዓት ፈረቃ ልጆች ተመርጠው ጠዋት ይመጡና የቀሩትን ልጆች ወንበር ይሞላሉ። ሙያው ድሮም ነበረ። የስም ጥሪው በእንግዶቹ ፊት እንዲደረግ ያዘዙት ግን እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔም አሥራ አንዱን ተተኪ ልጆች ሰብስቤ የሚመልሱበትን ስም በእስክሪብቶዬ መዳፋቸው ላይ ጻፍኩላቸው። ትጊ ለምትባለው ልጅ የደረሳት ስም ባርኮት ነበር። ባርኮት አሪቻ አያቷ ዘንድ ቡና ለቀማ ከሄደች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ትጊ እጇን እያየች «ቲቸር፣ ላብ ሲያጠፋውስ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔም አትጨብጪው አልኳት።

ባርኮት የኤልቤቴል የወንበር ጓደኛ መሆኗን ግን ረሳሁ።

በማግስቱ እንግዶቹ ከኋላ ተቀመጡ፤ እርስዎም አጠገባቸው ነበሩ። የዕለቱ ትምህርት ያው አራቱ ደረጃዎች ነበሩ። ኤልቤቴል መዝገቡን ይዛ ወጣችና ስም መጥራት ጀመረች። ሰባተኛው ስም ላይ ስትደርስ «ባርኮት» አለች፤ ትጊም መዳፏን አይታ «አቤት» አለች። ኤልቤቴል መጀመሪያ ካርቶኑን፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ክቡር ሆይ፣ ልጅቷ ያኔ የፈለገችው እኔን ነበር፤ እኔ ግን በዓይኔ ቀጥዪ አልኳት። እሷም «መምህር፣ ባርኮት የለችም፤ ቡና ለቀማ ናት። ይቺ ትጊ ናት። ውሸት ብጠራ ኃላፊነቱ የኔ ነው» አለች።

በእርስዎ ሥልጠና ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው አራቱንም ደረጃ ሲያጠናቅቅ በዓይናችን አየን። እንግዶቹ ሊያዩት የመጡት ይኼንኑ ነበርና ማጨብጨብ በተገባን ነበር። እርስዎ ግን «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ብለው ሳቁ፤ እንግዶቹም ሳቁ፤ ሻይ ቀርቧል ተባለና ወጡ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም ሳቅ ጆሮዬ ላይ የቀረው የራሴ ነው።

አራተኛ፣ ሻዩ ከተጠጣ በኋላ አርቅቀው ስላመጡልኝ ደብዳቤ ላመሰግንዎ ነበር፤ ነገር ግን እዚህ ላይ ምስጋናው ወደ ራሴ ስለሚዞር ከዚህ ወዲያ መቁጠሩን ትቼዋለሁ። ደብዳቤው ተማሪ ኤልቤቴል «በሐሰት ንግግር እንግዶችን በማሳፈር» ጥፋተኛ መሆኗን፣ ከአለቅነት መነሳቷን፣ ወላጅ እስክታመጣም ከክፍል መታገዷን ይናገር ነበር። ያረቀቁት እርስዎ ነዎት። የፈረምኩት እኔ ነኝ። ያስፈራሩኝ ይመስለኝ ነበር፤ ኋላ ግን ነገሩን ደጋግሜ ሳስታውስ፣ ያሉኝ ነገር ቢኖር ለክረምት ትምህርት ዕድል ስሜ በእርስዎ ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ብቻ ነው። እኔን ለማሸነፍ ማስፈራራት እንኳ አላስፈለገም። ሰው ራሱን በዚህ ዋጋ ማወቁ ቀላል ነገር አይደለም፤ ስላሳወቁኝ እግዜር ይስጥልኝ።

ልጅቷ ስድስት የትምህርት ቀን ቤት ዋለች። በእነዚያ ስድስት ቀናት በስሟ ትይዩ ምን እንደጻፍኩ ያውቃሉ? «ተገኝታለች»። ቁጥሩ ዜሮ መሆን ነበረበታ! እውነት በመናገሯ ያባረርናትን ልጅ በመዝገብ ላይ ክፍል ውስጥ አስቀመጥናት። ይህን ያህል ሥራ ለአንድ ዜሮ ሲባል ሲሠራ አይቼ አላውቅም፤ የሠራሁት ግን በገዛ እጄ ነው።

በሰባተኛው ቀን እናቷ ወይዘሮ ወርቂቱ ልጇን ይዛ መጣች። ገበያ ውስጥ አቮካዶ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ያን ቀን ሥራዋን ትታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ በክፍሌ በር ላይ ቆመች። ልጅሽ እንግዳ ፊት ዋሽታለች አልኳት። በዚሁ አፌ ነው ያልኩት። እሷም አፏን የፈታችው በአማርኛ አይደለምና በራሷ አማርኛ «መምህሬ፣ ልጄ ቤት ውስጥ አይዋሽም። እዚህ ዋሸ ካላችሁ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እናንተ የተማራችሁ ናችሁ» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ከልጇ ይልቅ እኔን አመነችኝ። ከልጇ ይልቅ እኔን እንድታምን ያደረጋት ደግሞ የምለብሰው ነጭ ጋዋን ነው።

ታኅሣሥ 14 ቀን፣ ሰኞ፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ የከሰዓቶቹም በማለዳ ተጠርተው፣ ኤልቤቴል በሁለቱም ፈረቃ ልጆች ፊት ወጥታ «ስለዋሸሁ ይቅርታ አድርጉልኝ» እንድትል ተደረገ። አለችው። አጥርታ፣ ጮክ ብላ፣ እንደታዘዘችው። ልጅቷ በትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ስትናገር የሰማሁት የመጀመሪያ ውሸት ይኸው ነው፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ የግብረገብ መምህሯ።

በዚያው ሳምንት ከጽሕፈት ቤትዎ የ«ምስጉን የግብረገብ መምህር» ምስክር ወረቀት ደረሰኝ። እናቴ በመስታወት አስገብታ ሳሎን ሰቀለችው። እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች፤ እኔ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ጊዜ ሲያልፍ ይረሳል ብዬ ነበር። ልጅ ቶሎ ይረሳል ይባላል አይደል? ባለፈው ማክሰኞ አዲሷ አለቃ ታማ ስለቀረች፣ ከወንበሬ ሳልነሳ ኤልቤቴልን ዛሬ ስንት ልጅ ቀርቷል ብዬ ጠየቅኋት። ተነስታ ቆመች። ቂም የለባትም፤ ፊቷ ላይ ፈለግሁ፣ የለም። በትሕትና፣ ልክ የሒሳብ ጥያቄ እንዳልገባት ሁሉ፣ «መምህር፣ የእኛን ልበል ወይስ የእንግዶቹን?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ተቀመጪ አልኳት። ቤቴ ሄጄ ያንን የሥልጠና መጽሐፍ አውጥቼ አራተኛውን ደረጃ አነበብኩት። አንድ ገጽ እንኳ አይሞላም።

እንግዲህ ከዚህ የተነሣ የማቀርብልዎ ልመና አጭር ነው። ያቺ ልጅ ሐሰተኛ ናት የሚለው ደብዳቤ እስከ ስምንተኛ ክፍል ማኅደሯ ውስጥ ተቀምጦ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ፣ ከማኅደሯ እንዲወጣ በትሕትና እጠይቃለሁ። ፊርማዬን ከዛሬ ጀምሮ አንስቻለሁ። ስሜንም ከክረምት ትምህርቱ ዝርዝር ሊያነሱት ይችላሉ፤ ቅር አይለኝም ብል ግን እዋሻለሁና ቅር ይለኛል። የፊታችን ሰኞ፣ የካቲት 3 ቀን፣ ሰንደቅ ዓላማ ከተሰቀለ በኋላ፣ እሷ በቆመችበት ቦታ እኔ እቆማለሁ። የሁለቱም ፈረቃ ልጆች ባሉበት፣ ወይዘሮ ወርቂቱም እንድትመጣ ለምኛት እሺ ብላኛለችና እሷም ባለችበት፣ የዋሸው ማን እንደሆነ እናገራለሁ። ይህን የምጽፍልዎ ፈቃድ ለመጠየቅ አይደለም። በዋዜማው መንገር ልማድዎ ስለሆነ፣ እኔም ቀደም ብዬ ልንገርዎ ብዬ ነው።

ለእርስዎ ያለኝ አክብሮት እንደ ተማሪዎቼ ቁጥር ምንጊዜም ሙሉ፣ በመዝገብ ላይም ፈጽሞ የማይጎድል መሆኑን እያረጋገጥኩ፣ በፊርማዬ ሳይሆን በእፍረቴ የምሰናበትዎ፣

ታዛዥዎ የነበረው
ዘርዓብሩክ እንግዳ

አባሪ፦ አንድ ምስክር ወረቀት፤ ከነመስታወቱ (እናቴ አልቅሳ ፈቅዳለች)

ግልባጭ፦
ለወይዘሮ ወርቂቱ፤ ገበያ፣ ከአቮካዶው ተራ
ለባርኮት፤ ከለቀማ ስትመለስ፣ ማንም እንዳልተካት እንድታውቀው

ማሳሰቢያ፦ ለሚቀጥለው ጉብኝት ችግር እንዳይገጥምዎ አንድ ነገር ላሳውቅዎ። ትጊ ትናንት መጥታ «ቲቸር፣ እኔ ቆም ብዬ አስቤበታለሁ፤ ሌላ ጊዜ ወንበር ለማሞቅ አልመጣም» አለችኝ፤ ሌሎቹ አሥሩም የከሰዓት ልጆች ተከትለዋታል። ስለዚህ እንግዶች ሲመጡ አሥራ አንድ ሰው ከጽሕፈት ቤትዎ ቢልኩልን ወንበር አለን፤ ትንሽ ጠባብ ነው እንጂ ያስቀምጣል። መዳፋቸው ላይ ስም የሚጽፍላቸው ሰው ግን አብረው ይላኩ። የእኔን እስክሪብቶ ከነመዝገቡ ለኤልቤቴል ሰጥቻታለሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ቀሪ መዝግባለች።